ደሞዙ የስንት ዓመት ነው?

አራት ኮከብ ሰጥቼው ነበር። ከአምስት አራት። እኔ ደግሞ ኮከብ ላይ እጄ አይፈታም፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

በዚያ ዓመት ለሽልማት ከታጩት አጫጭር ልቦለዶች አንዱ ነው። ወታደር፣ ጠፈር፣ ጦርነት። ርዕሱንም ደራሲውንም አልጠራም። ጥፋቱ የእሱ ይሁን የእኔ እስካሁን አልለየልኝም።

ቀን ቀን ደሴ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ገጽ እቀናብራለሁ። የሠርግ ካርድ፣ የዕድር ደረሰኝ፣ የሞዴል ፈተና፣ ይኼው ነው። ማታ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ላለች አንዲት መጽሔት በእንግሊዝኛ የታጩ ታሪኮችን አንብቤ በአማርኛ እገመግማለሁ። ረቂቄን የማወጣው በማተሚያ ቤቱ ፕሪንተር ነው። ባለቤቱ ያውቃል። ያውቃል ብዬ ነው የማስበው።

ወቅቱ ሲደርስ ዝርዝሩ ይመጣል። ሁጎ የሚባለው የሳይንስና የምናብ ልቦለድ ሽልማት በአጭር ልቦለድ ዘርፍ ከ7,500 ቃል በላይ አይቀበልም። በ7,500 ቃል ፕላኔት መፍጠር፣ ጦር ማሰለፍ፣ ማዋጋት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንባቢውን ማስለቀስ አለብህ። ስለዚህ ደራሲው የግድ የሚጥለው ነገር አለ። መጀመሪያ የሚጥለው ምን እንደሆነ ግን ያኔ ልብ አላልኩም። ወታደራዊው ታሪክ ደግሞ ለብቻው የሚወዳደርበት ዘርፍ የለውም። አትላንታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ድራገን ሽልማት ለወታደራዊው የራሱን ክፍል ከፍቶለት ነበር፤ እሱም ቢሆን ለረጅም ልቦለድ ነው። አጭሩ ከዘንዶው ታሪክም ከፍቅሩ ታሪክም ጋር እየተጋፋ ነው ከዝርዝሩ የሚደርሰው። ስለዚህ አንድ ጥሩ የወታደር ታሪክ ከታጪዎቹ መሀል ሲገኝ ደስ ይለኛል። ትንሽ ማዳላቴ አይቀርም።

ወደ ሃምሳ አለቃ ልምጣ።

የማተሚያ ቤታችን መጋዘን በአንድ ሽማግሌ እጅ ነው። ሁላችንም ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። ድሮ አሰብ ላይ የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ነበሩ። አሁን ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፕሌቱም በእሳቸው ፊርማ ነው የሚወጣው። ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አንዲት ራይም ወረቀት ከመጋዘን አትወጣም። ባለቤቱ ራሱ አንድ ቀን ለልጁ ደብተር መጠረዣ ካርቶን ፈልጎ ፈርሞ ነው የወሰደው።

ፕሪንተሩ ያለው በእሳቸው በር ላይ ነው። የሚወጣውን ሁሉ ያነባሉ። መነጽራቸው አንድ እግሩ በክር የታሰረ ነው። የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራዋን ስም ስህተት አግኝተው አንድ ትዳር አትርፈዋል ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚሉት።

ከዚህ ታሪክ በፊት አንድ ጊዜ ጉድ ሠርተውኛል። በአንዱ ግምገማዬ ላይ የጠፈር መርከቧን አዛዥ፣ «ካፒቴን» የሚለውን፣ «ሻምበል» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ እንደዚያ ይላላ! ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«ሻምበል ስንት ሰው ነው የሚመራ?»

«መቶ ምናምን።»

«እዚህ መርከብ ላይ ስንት ሰው አለ ብለሃል?»

«አራት ሺህ።»

«የተረፈው ታዲያ ሻይ ነው የሚያፈላ?»

አሰብ እያሉ የባሕር ኃይል ሰዎችን በደንብ ያውቋቸዋል። በባሕር ኃይል ካፒቴን ማለት በምድር ጦር ኮሎኔል ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ትከሻ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። «ውጫሌ እዚሁ አፍንጫህ ሥር ነው» አሉኝ። «በ1881 በአንድ ቃል ምን እንደመጣ አልነገሩህም? አንቀጽ 17ን ያጣመመ ሰውም እንዳንተ መዝገበ ቃላት ይዞ ይሆናል።» አስተካከልኩ። መጽሔቷ ግን ወጥታ ነበር። ማንም አንባቢ አላስተዋለም፤ እኔ ግን እስካሁን «ሻምበል» የሚል ቃል ሳይ ሻይ ይሸተኛል።

እና ያን ቀን። ጉም ፒያሳን ውጦታል። ከሰዓት መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት ላይ ነው ረቂቁን ያወጣሁት። ሃምሳ አለቃ ሦስቱንም ገጽ ቆመው አነበቡ። ከዚያ ተቀመጡ። ሲቀመጡ አልወድም።

«አራት ኮከብ?» አሉ። «ሙሉ ጄኔራል አደረግኸው እንዴ?»

ሳቅን። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ይዘምታል። መርከቧ ለብርሃን ፍጥነት ጥቂት ፈሪ ነው የምትሄደው። በእሱ ሰዓት አንድ ዓመት ዘምቶ ይመለሳል። አገር ቤት ግን ሰባት ዓመት አልፏል። የእናቱን በር ያንኳኳል። የምትከፍትለት እህቱ ናት። ሲሄድ በአራት ዓመት ታንሰው ነበር፤ አሁን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እናቱስ? እናቱን ደራሲው አይነግርህም። ክፍት ይተወዋል። እዚያ ጋ ስደርስ እኔም ሆዴ ባባ። ግምገማዬ ላይ «ሰው ከገዛ ታናሹ ዘግይቶ የሚደርስበት ሀዘን» ብዬ ጽፌያለሁ። ቆንጆ አረፍተ ነገር ናት። እስካሁን ትቆጨኛለች።

«አንድ ዓመት ነው የዘመተው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«በእሱ ሰዓት፣ አዎ።»

«እዚህ ሰባት።»

«ሰባት።»

«ይኼ ደራሲው የፈጠረው ነው ወይስ እውነት ነው?»

እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። ደስ አለኝ። አንድ የመጋዘን ሰው አንስታይንን ሲጠይቅህ ደስ አይልህም? እውነት ነው አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተጻፈ ነው። በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሄደ ሰው አንዱ ዓመቱ ለቀረው ሰባት ዓመት ይሆናል። ይህ ደግሞ የወረቀት ወሬ ብቻ አይደለም። ስልክዎ ላይ ያለው ካርታ ሳይቀር በዚህ ሂሳብ ነው የሚሠራው። አቅጣጫ የሚነግሩን ሳተላይቶች በፍጥነታቸው የተነሳ ሰዓታቸው በቀን 7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ከምድር ስበት ስለራቁ ደግሞ 45 ያህል ይቀድማል። ሲቀናነስ 38 ነው። ያ ልዩነት ቀድሞ ተሰልቶ ባይስተካከል ካርታው በአንድ ቀን ብቻ ኪሎ ሜትሮችን ይስት ነበር። ሐይቅ እሄዳለሁ ያለ ሰው ገደል ይገባል።

በጥሞና አዳመጡ።

«ስለዚህ ሂሳቡ ይታወቃል» አሉ።

«በደንብ ይታወቃል።»

«እስከ ሚሊዮንኛዋ።»

«እስከ ሚሊዮንኛዋ።»

«ታዲያ ደሞዙ የስንት ዓመት ነው?»

ዝም አልኩ።

«የልጁ ደሞዝ። የአንድ ዓመት ነው የሚከፈለው ወይስ የሰባት?»

«እሱን ደራሲው አልጻፈውም።»

«አልጻፈውም ማለት?»

«ማለት... የታሪኩ ጉዳይ አይደለም ሃምሳ አለቃ።»

«ወታደር አይደለም እንዴ ልጁ?»

«ነው።»

«ወታደር ሆኖ ደሞዙ የታሪኩ ጉዳይ አይደለም?»

አሁን ሳስበው እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። የምር ተናደድኩ። ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ነው። «ይሄ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ፔሮል አይደለም» አልኳቸው። ድምፄም ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ የመቁረጫ ማሽኑ ልጅ ዞር ብሎ አየን።

ሃምሳ አለቃ አልተቆጡም። ጣታቸውን እያጠፉ ቀጠሉ። ሰባት ዓመት ከሆነ የማዕረግ እድገቱስ? ወይስ እንደሄደ ተራ ወታደር ነው የሚመለሰው፣ አብረውት የተቀጠሩት መቶ አለቃ ሆነው? የበረሃ አበልስ በየትኛው ሰዓት ነው የሚታሰበው? ፔሮሉ ላይ ማን ፈረመ፣ እሱ እዚያ ነው፣ ከፋዩ እዚህ ነው። ቢሞትስ? ለእናቱ የሚደርሳት በየትኛው ቀን ተቆጥሮ ነው? እናቱ ሰባት ዓመት ሙሉ በምን ኖረች? «ደራሲህ እናቱን ክፍት ተዋት ያልከኝ ለዚህ ነው» አሉ። «በምን እንደኖረች ስለማያውቅ ነው። አላሰበውም፤ ተዋት።»

ይቺ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። እኔ «ውብ ዝምታ» ብዬ ያሞገስኩት ቦታ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። በ1983 ጦሩ ሲበተን ከአሰብ በባቲ በኩል ነው ወደ ቤታቸው የመጡት፤ ከፊሉን በእግር። ዘጠኙን ዓመት የሚያስረዳ ወረቀት የላቸውም። መዝገቡ እዚያው ቀርቷል። ይህን ያን ቀን አልነገሩኝም። ከዚያ በፊት አንዴ፣ እንደ ቀልድ አድርገው ነው የነገሩኝ። «እኔ አሰብ በፋይል ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እዚህ ያለሁት ግልባጩ ነኝ።»

ማታ ቤቴ ገብቼ ግምገማውን ከፈትኩት። ልተኛ ነበር፤ አልተኛሁም። የመጣብኝ ጥቅምት 2014 ነው። ከተማዋን ጥለን ስንወጣ ሁላችንም ዓይናችን የገባውን ነው ያነሳነው። እኔ ፍላሽ ዲስክ ይዤ ወጣሁ። ፍላሹ ውስጥ ምን ነበር? ግምገማዎቼ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ የጫማ ማስፊያ ይዞ ወጣ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አያውቅም። ሃምሳ አለቃ ጋቢያቸው ሥር የሠራተኛውን የደሞዝ መዝገብ ይዘው ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን ተሸክመውታል። ተመልሰን ስንመጣ ቢሮው ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ያልተከፈለን ቀን በቀን የታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። የማን ስንት ቀን፣ የማን ብድር፣ የማን ትርፍ ሰዓት። ባለቤቱ አልተከራከረም። በምን ይከራከራል?

ይህን ሰው ነው «ፔሮል አይደለም» ብዬ የጮህኩበት።

ሌላም ነገር አበሳጨኝ። የቬትናም ዘማቹ ጆ ሃልደማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶታል። የእሱ ወታደሮች በዚሁ የጊዜ መንሸራተት ሳቢያ ሲመለሱ የተጠራቀመ ደሞዛቸው ይጠብቃቸዋል። መጽሐፉ ሁጎንም፣ ሌላውን ትልቅ ሽልማት ኔቡላንም ወስዷል። እኔ ደግሞ አንብቤዋለሁ! ስለ ፍቅሩም ስለ ብቸኝነቱም አስታውሳለሁ። ደሞዙን ረስቼዋለሁ። የዘመተ ሰው ደሞዝ ይጽፋል፣ ያልዘመተ ሰው በር ላይ ያስለቅሳል፣ ገምጋሚ የተባለው ደግሞ አብሮ ያለቅሳል።

አንድ ኮከብ ቀነስኩ። አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ይህ ታሪክ ሰዓቱን እስከ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያሰላል፤ የእናትየውን አስቤዛ ግን አያሰላም ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ለሃምሳ አለቃ አሳየኋቸው። «ሌተና ጄኔራል ሆነ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

አርታኢው ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደረግኩት እጄ በቀለም ስለተበላሸ ነው እንጂ ሰው እንዲሰማ ብዬ አይደለም።

«ወንድሜ፣ ኮከቡን መልስልኝ። ሰው ስሜት ነው የሚፈልገው። ይሄ የደሞዝ ነገር ምንድነው? የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ አስመሰልከው እኮ።»

«የታሪኩ ቀዳዳ ነው» አልኩት።

«ደግሞ እናንተ እዚያ ሆናችሁ የሰማይ ጦርነት ያን ያህል ላይሰማችሁ ይችላል። ይገባኛል።»

እናንተ እዚያ። ደሴ ከሰማይ ቦምብ የዘነበባት ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ከተማ ላይ መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላን ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ ሰው አለ? ይህን ልለው ፈልጌ ነበር። ያልኩት «እሺ» ነው። መልሱ የመጣልኝ ማታ ጥርሴን ስቦርሽ ነው፤ የእኔ መልስ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው።

መጽሔቷ ስትወጣ ታሪኩ አራት ኮከብ ይዞ ወጣ። አንቀጼ የለችም። በእሷ ቦታ እኔ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ገብቷል፤ «ልብን የሚሰብር፣ የማይረሳ»። ከሥሩ የእኔ ስም። ሃምሳ አለቃ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማዕረጉን ማን መለሰለት?» አሉ። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አልኳቸው። ይህ ወዲያው ገባቸው።

ሽልማቱን ሌላ ታሪክ ወሰደው። አንዲት ጥይት የማይተኮስበት ታሪክ።

እንግዲህ የጠቀመኝ ምንድነው ብትሉኝ፣ በቀጣዩ ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ትምህርቱን አጥብቄ ያዝኩት። አንድ ሌላ የታጨ ታሪክ መጣ። ጥሩ የተጻፈ፣ ጨለም ያለ። ሁለት የታንክ ጦሮች ሰው በሌለበት ፕላኔት ላይ ለዘመናት ይዋጋሉ። እኔ ግምገማዬን በደሞዝ ጀመርኩ። ማን ይከፍላል? የጡረታ ሥርዓቱስ? ሁለት ኮከብ። በኩራት ወረቀቱን ይዤ መጋዘን ገባሁ። ሃምሳ አለቃ እንዲያመሰግኑኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

አነበቡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ታንኮቹ ውስጥ ሰው አለ?»

«የለም። ራሳቸው ናቸው የሚያስቡት።»

«እና ለብረት ነው ደሞዝ የምትጠይቀው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ...»

«እኔ ስለ ልጁ ነው የጠየቅሁ። ልጁ እናት ነበረችው። ብረት ግሪስ ነው የሚበላ። ግሪሱን ማን ያቀብላል ብለህ ነበር መጻፍ።»

ተመልሼ ታሪኩን ሳየው ደራሲዋ ግሪሱን ጽፋዋለች። ገጽ ሁለት ላይ። ታንኮቹ ከሞቱት ታንኮች ነው ዘይት የሚቀዱት፤ ጦርነቱ የማያልቀውም ለዚህ ነው፣ ሰላም ከሆነ የሚቀዳ ሬሳ አይኖርም። የታሪኩ ሙሉ ሐሳብ ይኼ ነበር። እኔ ደሞዝ ስፈልግ አልፌዋለሁ። ግምገማዬ ደግሞ ተልኳል። በዚህኛው አርታኢው አንዲት ቃል አልነካም። ሁለቱን ኮከብ እንዳለ አወጣው። ለክፉ ሲሆን እጁ ፈጣን አይደለም።

ያን ሰሞን ሃምሳ አለቃ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ላንተስ በየትኛው ሰዓት ነው የሚከፍሉህ?»

«ከታተመ በኋላ ነው።»

«የመጨረሻው መቼ ታተመ?»

ነገርኳቸው። ስንት ግምገማ እንዳልተከፈለኝም ጠየቁኝ። አራት። መጋዘን ገብተው አሮጌ ደብተር አወጡ፤ የእኔን ስም ጻፉ፤ ቀን፣ የታሪክ ብዛት፣ የቃል ብዛት፣ ያልተከፈለ። ሥሩ ላይ አስፈረሙኝ። ለምን እንደፈረምኩ አላውቅም። ገንዘቡ እሳቸው ጋ አይደለ። ደብተሩ እስካሁን አለ። ይህን አርታኢው ካነበበው፣ መዝገቡ ከመቁረጫ ማሽኑ ጀርባ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አራት አላልኩም? አሁን ስድስት ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉ አልፎ ቶናው ደርሷል። ስለ ወረቀት ዋጋ እያወራን ነው። ሃምሳ አለቃ በመሀል ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ልጅ ግን...»

«የቱ ልጅ?»

«እህቱ የበለጠችው።»

«እ።»

«ደሞዙን ሰጡት?»

ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። የመቁረጫ ማሽኑ ልጅ ሳይቀር። ታሪኩን አንዱም አላነበበም፤ ነገሩን ግን ሁሉም ሰምቷል። ደራሲው አልጻፈውም ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሰጡት» አልኩ።

«የስንቱን?»

«የሰባቱን።»

«ሙሉውን?»

«ከነበረሃ አበሉ።»

ሃምሳ አለቃ ቡናቸውን ፉት አሉ። ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ በር ላይ ቆሞ ምን ያስለቅሰዋል?»